እማማ ሙቅ ውሃና ሳያዙት የሚደውለው ኮምፒውተር

እማማ ሙቅ ውሃ የሟች ባለቤታቸውን የመምህሩን ኮምፒውተር በእጅ ጋሪ አስጭነው፣ ሰው እንዳያይባቸው በአሮጌ አንሶላ ሸፍነው፣ ወደ አሮጌ ዕቃ ገዢው ሱቅ ሲጣደፉ ከስልክ እንጨት ላይ "እማማ! እማማ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። ቀና ቢሉ አንድ ወጣት መቆንጠጫውን በጥርሱ ነክሶ በመሰላል ይወርዳል።

እኚህ ሴት አዋላጅ ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ቤት ሲገቡ ከሰላምታም በፊት "ሙቅ ውሃ!" ስለሚሉ ሰፈሩ ስሙን አወጣላቸው። ከጤና ጣቢያ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ሰው የሚደውለው ለሳቸው ነው። ወጣቱ ደግሞ የስልክ ቴክኒሺያን ነው። ውሃው ሳይፈላ ዱብ ብሎ በመወለዱ "ችኩሉ" ያሉት እሳቸው ሲሆኑ፣ ተምሮ ተመርቆም ስሙ አልለቀቀውም።

"ምን ጭነው ነው እማማ? ሬሳ አስመሰሉትኮ!"

"ሬሳስ ዝም ይላል! ይኼ ነው እንጂ አልሞት ያለኝ።"

"ምን አደረገዎት?"

እማማ ጋሪውን አስቆሙና ምሬታቸውን ዘረገፉት። "ጠዋት ጠዋት የመምህሩን ፎቶ ልይ ብዬ እከፍተዋለሁ። ፎቶው ይመጣል፣ ደስ ይለኛል፣ ወደ ጓዳ ሥራዬ እሄዳለሁ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ይደውላል! ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ጭራውን እንደ ረገጡት ድመት ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ስልኬን ባነሣ የምሰማው የሱን ጩኸት ነው። ገመዱን ብነቅለው ስልኬም አብሮ ሞተ።"

"ታዲያ ለዚህ ይጣላል?"

"ስማኝ እንጂ! ባለፈው የልብስ ሰፊው ሚስት ምጥ ይዟት ሲደውሉልኝ መስመሩ ተይዟል። በሰው አስጠርተውኝ ስደርስ ልጁ ወለል ላይ ተወልዶ አገኘሁት። እግዜር አተረፋቸው። አሁን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ቀኗ ደርሷል። ይቺ ልጅ በመጀመሪያ ወሊዷ ደሟ እንደ ቧንቧ ነው የወረደው፤ በስንት መከራ አቆምኩላት። ዛሬ ስትጠራኝ ስልኬ ቢያዝ ማን ይደርስላታል? የመምህሩን ፎቶ ማጣት ያንገበግበኛል፤ ግን ከነፍስ አይበልጥም።" ፊታቸውን ወደ ጋሪው አዞሩ።

ችኩሉ ስሙን የሚያስረሳ ትዕግሥት ነበረው። መሰላሉን ከእንጨቱ ጋር አሰረና "እማማ፣ ማንም ሳያዘው የሚሠራ ማሽን የለም" አለ።

"ቤቴ ውስጥ ከኔ በቀር ማን አለ? እኔ ደግሞ አላዘዝኩትም። ጋኔን ነው በለኝና እንለያይ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ድሮ የመንደር አዋላጅ አሮጊቶቹን 'ከማዋለዳችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ' ሲሏቸው ምን ይሉዎት ነበር?"

"ምን ይላሉ! 'እጃችን ንጹሕ ነው፣ እናቶቻችንም እንዲሁ አዋልደዋል፤ አንቺ ምን ታየሽ?' ይሉኝ ነበር።"

"እርስዎስ ምን ይመልሱ ነበር?"

"'ስላላያችሁት የለም ማለት አይደለም' እል…" እማማ በመሃል አቋረጡና ጣታቸውን ቀሰሩበት። "አንተ ልጅ! በገዛ ምላሴ ልታስረኝ ነው?"

"እርስዎ አዋልደውኝ ከማን ልማር?"

"ቆይ፣ አትቸኩል። እጅ ላይ ላለው ጀርም ማጉያ መነጽር አለ፤ ዓይኔን ሰድጄ አይቼዋለሁ። ያንተን በምን ታሳየኛለህ?"

"ቤት እንመለስና በዓይንዎ ይዩት። ካላሳየሁዎ ጋሪውን እኔ ራሴ ገፍቼ እሸጥልዎታለሁ።"

ሙግት እንዲህ ነው የሚያምረው። ብዙዎቻችን ስንሟገት ወይ እንቆጣለን ወይ እናኮርፋለን፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ማስረጃ ይታይ ተባብለው ጋሪውን ወደ መጣበት አዞሩት።

የእማማ ሳሎን ጠባብ ናት። በመስኮቱ ሥር የመምህሩ ጠረጴዛ አለ፤ መነጽራቸው እንኳ ካስቀመጡበት አልተነሣም። ችኩሉ መጀመሪያ የስልኩን ገመድ ተከተለ። መምህሩ ስልኩን በኮምፒውተሩ በኩል አሳልፈው ኖሯል ያገናኙት፤ ስለዚህ ነው አንዱ ሲነቀል ሌላው የሚሞተው። ከቦርሳው ባለ ሁለት አፍ ማያያዣ አወጣና ለስልኩም ለኮምፒውተሩም ከግድግዳው የየራሳቸውን መንገድ ሰጣቸው።

"አሁን ይክፈቱት። በሽታውን ሳናይ መድኃኒት አንሰጥም።"

"እሱስ ደንብ ነው" አሉ እማማ፣ ሳይወዱ ፈገግ ብለው።

ማሽኑ ተነሣ። መምህሩ ጠመኔ እንደ ያዙ ብቅ አሉ። እማማ እንደ ልማዳቸው "እንደምን አደርክ" አሏቸው፤ ወዲያው ያ ጩኸት ጀመረ። ጆሯቸውን ሊይዙ ሲሉ ችኩሉ "አይዝጉት፣ ያዳምጡት" አለ። "ይህ ጩኸት ንግግር ነው። እኛ በምንነጋገርበት በዚያው ቀጭን ሽቦ ይኼ ማሽን ሩቅ ያለውን ማሽን እየጠራ ነው። ወዳጁ ካነሣለት ደብዳቤ ይለዋወጣሉ፣ መጽሐፍ ይቀባበላሉ።"

"በዚህች ሽቦ? መጽሐፍ?" እማማ ገመዱን በሁለት ጣታቸው ያዙት። ከእትብት እንኳ ይቀጥናል።

"አዎ። ግን የመምህሩ የኢንተርኔት ውል ካለፉ በኋላ አልታደሰም፤ ስለዚህ ወዲያ ያለው 'አላውቅህም' ይለዋል። ይኼው፣ እዚህ ላይ ጽፎታል፤ እንደገና እየደወለ ነው። በየጠዋቱ ይደውላል፣ አይከፈትለትም፤ ደግሞ ይደውላል።"

እማማ ቅድም የረገሙት ማሽን አሁን አሳዘናቸው።

ችኩሉ የግንኙነቱን ማስተካከያ ገጽ ከፈተ። "ማንኛውም ፕሮግራም ኢንተርኔት በጠየቀ ቁጥር ደውል" በሚለው ላይ ምልክት ነበረበት። ምልክቱን አንሥቶ "በራስህ አትደውል" በሚለው ላይ አደረገውና ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። ፎቶው መጣ። ጩኸት የለም። እማማ የስልኩን እጀታ አንሥተው አዳመጡ፤ መስመሩ ነጻ ነው።

"እሰይ! እጅህ ይባረክ! አበቃ በቃ!"

"ገና ነው እማማ። ትኩሳቱን አበረድን እንጂ ሕመሙን አላገኘንም። ይዩ፣ 'ግንኙነት የለም' የሚል መልእክት መጥቷል። ይህ ማለት አንድ ነገር አሁንም እየጠየቀ ነው። ማን ነው የሚጠይቀው?"

"ጥያቄስ ነው! ትኩሳት በርዶላት ወደ ቤቷ የሸኘኋት ሴት በማግስቱ ስትመለስ አይቻለሁ።"

"ሰው ሲነሣ ፊቱን የሚታጠብ፣ መስኮት የሚከፍት ልማድ አለው አይደል? ኮምፒውተርም ሲነሣ የሚጀምራቸው ሥራዎች ተለይተው ይሰጡታል።" ችኩሉ ያንን ዝርዝር ከፈተና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። "ይኼው። ደብዳቤ የሚያመጣው ፕሮግራም። እዚህ ውስጥ በራሱ አይገባም። መምህሩ ናቸው ያስገቡት፤ 'ስትነሣ መጀመሪያ ሄደህ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ እይልኝ' ብለው።"

"መምህሩ? ታዲያ በሕይወት ሳለ ስልኬ መች ተይዞ ያውቃል?"

"ያኔ ጠዋት እርስዎ ጤና ጣቢያ ነበሩ። እዚህ ማን ይደውልልዎት ነበር?"

እውነት ነው። "የምን ደብዳቤ ነው ሲጠብቅ የኖረው?" አሉ እማማ ቀስ ብለው።

ችኩሉ ደብዳቤዎቹን በመስታወቱ ላይ ዘረገፈ። ሁሉም ከአንድ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመምህሩ የተላኩ ናቸው። እማማ የባላቸውን መነጽር አነሡና ዓይናቸው ላይ አደረጉ። "ያበጠ እግር ያላት ነፍሰ ጡር።" "ትንፋሽ ያጠረው አራስ ልጅ።" ከዚያ አንዱ ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው አነበቡ፤ "ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም፣ ማሕፀኑን እንዴት እንደሚያሹ።"

"ይህን… ይህን እራት እየበላሁ አነበበልኝ። ከመጽሐፍ ያገኘው መስሎኝ 'ደግሞ አንተ ማዋለድ ልታስተምረኝ!' ብዬ ሳቅሁበት። ሳቀና ማንበቡን ቀጠለ። የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ያተረፍኳት በዚህ ነው እኮ!" ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። "አንተ አምላክ! ሰውየው ከሞተ በኋላ ትእዛዙ አልሞተም። ጋኔን ያልኩት የሱ አሳብ ነው ለካ።"

ይህን እየተናገሩ ስልኩ ጮኸ። ኮምፒውተሩ እንደ ተከፈተ፣ መምህሩ በመስታወቱ ላይ ፈገግ እንዳሉ፣ ስልኩ ጮኸ! እማማ ብድግ ብለው አነሡት። የዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ድምፁ ይርበተበታል። እማማ "ሙቅ ውሃ!" ብለው እጀታውን ወረወሩና ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጎናቸውን ይዘው፣ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ችኩሉ ውሉን አሳድሶ ደጃፍ ላይ ይጠብቃል።

"ሴት ናት" አሉት። "ደሙ እንደ ባለፈው ጀማምሮ ነበር፤ መምህሩ እንዳነበበልኝ አሸሁ፣ ቆመ። በሰው ቢልኩብኝ ኖሮ አልደርስላትም ነበር። አሸንፈኸኛል ልጄ፤ ከእንግዲህ ያልገባኝን ነገር ከመጣሌ በፊት ምን ታዟል ብዬ እጠይቃለሁ።"

"የመምህሩን ትእዛዝ ላጥፋው ወይስ ይቆይ?"

እማማ ወደ መምህሩ ፎቶ አዩ። "ሲነሣ መደወሉ ይቅር። ጠዋት የወላድ ነው። መላላኩን ግን አታጥፋብኝ፤ እኔ ራሴ አዘዋለሁ።"

ችኩሉ ፕሮግራሙን በራሱ ከሚጀምሩት ውስጥ አወጣውና የእማማ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ አኖረው። ዛሬ ምጥ የሚጠበቅባት ሌላ ሴት በሰፈሩ አልነበረችም። እማማ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው መጡና ተጫኑት።

ጩኸቱ ተነሣ። ጆሯቸውን አልያዙም፤ ጸሎት ቤት እንደ ገባ ሰው ተነሥተው ቆሙ። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ተንጫጫ፣ ጸጥ አለ። ወዲያ ያለው አነሣ። መምህሩ ካለፉ ወዲህ የተጠራቀሙት ደብዳቤዎች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የባላቸው ስም አለ።

"ቆሞ ሲያንኳኳ የከረመው ለኔ ኖሯል" አሉ እማማ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫቸው እየገፉ። "ተቀመጥ ልጄ። ዛሬ ለመምህሩ እኔ ላንብብለት።"