ሳታዩት አትድፉት

ልጆቼ፣ ይህ ነገር የሆነው እዚሁ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች የለገስነው ደም ሳይታይ በድብቅ መደፋቱ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደን ከጮህን በኋላ፣ በሁለተኛው በጋ መሆኑ ነው።

ፈጠነ ጎንደር ሳለ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ ቤተሰቡን ያኖረ ብረት ሠሪ ነበር። እዚህ ጡረታ ወጥቶ ከመጨረሻ ልጁ ከብርቱ ጋር ይኖራል። ብርቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኢንዱስትሪ ዞን ዕቃ ስታሽግ ትውል ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿና ጉልበቷ አልታጠፍ ይሏታል፣ ፀጉሯ በማበጠሪያ ይወጣል፣ ትንሽ ከሠራች ትዝላለች። ፈጠነ ደግሞ እልኸኛ ብረት በሙቀት እንደሚለዝብ ያውቃል። ስለዚህ ሥራ ካቆመች ጀምሮ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ባሕር ዳር ይወስዳትና ጉልበቷን በትኩስ አሸዋ ይቀብርላታል። ለእሱ ይህ የአገር ቤቱ ፍል ውሃ ነበር።

ያን ቀን ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ጠበቀ፤ አልሞላም። ደንግጦ፣ እንዳታየው ቶሎ ብሎ አሸዋ ዛቀበት።

«አባ፣ ዳይ! በቃኝ፤ ፊቴን አቃጠለኝ» አለች ብርቱ፣ ዕብራይስጥ ቀላቅላ።

«ትንሽ ቻይ ልጄ፤ ሙቀቱ አጥንትሽ ድረስ ይግባ።»

ይህን ሲባባሉ አንዲት ልጅ በዚያ ስታልፍ ቆም አለች። ሙኒት ናት፤ የናሕሊኤል ሰፈሯ የዘነበወርቅ ልጅ፣ ነርስነት የምትማረው።

«እንደምን ዋሉ አባ ፈጠነ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።» ዓይኗ ግን ብርቱ ፊት ላይ ቀረ። ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አፍንጫዋን ተሻግሮ፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የመሰለ ነገር በጠይም ቆዳዋ ላይ ጠቆር ብሎ ወጥቷል። «አባ፣ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ከፀሐይ ያውጧት።»

«ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»

«ገና ተማሪ ነኝ። ብርቱ፣ ፀሐይ ላይ ስትውይ ፊትሽ ይብሳል ወይስ ይሻለዋል?»

«ይብሳል። አፌም ውስጥ ቆስሏል። ለአባ አልነገርኩትም።»

ፈጠነ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን እሱም የደበቀው ነገር ነበረውና ቁጣው አፉ ውስጥ ቀረ። ልጁን ደግፎ ወደ ጥላ ወሰዳት።

«ጎረቤታችን እምዬ ቡዳ ነው ትላለች» አለ ሲቀመጥ። «እኔም፣ ጎንደር ሳለን ቡዳ የሚሉት እኛን ነበር፤ እዚህስ ማን ሊሆን ነው? አልኳት።»

ብርቱ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

«ሐኪም ሳያረጋግጥ ነው ማለት አልችልም» አለች ሙኒት፣ «ግን ሉፑስ የሚሉት በሽታ አለ። ሰውነታችን በሽታ የሚከላከልለት ጠባቂ አለው። አንዳንዴ ያ ጠባቂ የገዛ ቤቱን ጠላት ነው ብሎ ይመታል። መገጣጠሚያውን፣ ቆዳውን፣ ኩላሊቱንም ጭምር።»

«የራሱ ጠባቂ? አብዷል?»

«አላበደም፤ ተሳስቶ ነው።»

ፈጠነ ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ወደ ሱዳን ስንሄድ የኋላ ጠባቂ እኔ ነበርኩ» አለ። «አቧራ ተነሥቶ ዓይናችንን ጋረደን። ከአቧራው ውስጥ አንድ ሰው እየሮጠ መጣብኝ። ወንበዴ መስሎኝ በዱላ መታሁት። ወንድሜ አቭራሃም ነበር። ውሃ ሊያቀብለኝ ነው የመጣው። ክንዱ እስከ ዛሬ አይዘረጋም።»

«ክፉ ሆነው ነው የመቱት?»

«ፈርቼ ነዋ ልጄ!»

«የብርቱም ጠባቂ እንደዚያ ሆኖ ይሆናል። መድኃኒቱ ያረጋጋዋል። አንዱ መድኃኒት እንዲያውም፣ ሱዳን ካምፕ ስትውጡት ከነበረው የወባ ክኒን ወገን ነው።»

«ወባ ሳይኖርባት?»

«ሳይኖርባት። ደግሞም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።»

ያኔ ፈጠነ አሸዋውን ከልጁ እግር ጠረገና አውራ ጣቱን ጫነ። ጉድጓዱ ቀረ። የሙኒት ፊት ተለወጠ።

«ይህ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። አባ፣ ነገ አይበሉ። ዛሬውኑ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄዳችሁ ሐኪም ይያት፤ ሽንቷም ደሟም ይመርመር።»

ደም ሲባል ፈጠነ ብድግ አለ።

«ደም የለም! ይህች ልጅ ወታደር ሳለች ክንዷን ዘርግታ ሰጥታቸዋለች። በፈገግታ ተቀብለው ሳያዩት ደፉት። አሁን ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«የእኔንም ደፍተውታል» አለች ሙኒት። «እኔም ኢየሩሳሌም ነበርኩ። ቁጣዎ ትክክል ነው፤ አይተዉት። ግን የተቆጣነው ሳያዩት ስለደፉት አይደለም እንዴ? አሁን እዩት ነው የምንላቸው። ዛሬ እንዳይታይ የሚከለክሉት እርስዎ ነዎት።»

ከፈጠነ ቀድማ የመለሰችው ብርቱ ናት።

«አባ፣ ያኔ የተደፋው የእኔ ደም ነው። አሁንም የእኔ ነው። እንዲታይ እፈልጋለሁ።»

ተነሡና ወደ ክሊኒኩ ሄዱ።

ነርሷ ደሙን ስትቀዳ ፈጠነ ከልጁ ጎን አልተነቃነቀም። ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጡ፣ «አል ቲሽፕኹ» አላት፤ አትድፉት ማለቱ ነው። «መጀመሪያ እዩት፤ ሳታዩት አትድፉት።» ነርሷ አልሳቀችም። የብርቱ ስም የተለጠፈበትን ጠርሙስ ወደ ዓይኑ አስጠግታ አሳየችው።

ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረም። የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ፈጠነ ይነሣል። በአምስተኛው ቀን ብርቱ ሆስፒታል ተጠራች። ሉፑስ ነው። ኩላሊቷ መታመም ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ፣ «ይህ በጋ እንዲሁ ቢያልፍ ኖሮ ኩላሊቷን ማዳን ይከብደን ነበር» አለ። ፈጠነ አሸዋው ትዝ ብሎት እጆቹን አየ። ብርቱም አይታ ያዘቻቸው።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ይህ በሽታ ጨርሶ አይነቀልም፤ ግን ይገታል። ብርቱ መድኃኒቷን በገዛ እጇ አታቋርጥም፣ በቀጠሮዋ ደሟንና ሽንቷን ታስመረምራለች፣ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ትለብሳለች። ሉፑስ እህት በሽታዎችም አሉት። አንዷ ቆዳን ታደርቃለች፣ ጣትን በብርድ ታነጣለች፤ አንዷ ዓይንንና አፍን እንባና ምራቅ ትነሣለች። ያላችሁበት ካለ አትሸፋፍኑት። አባት ከልጁ፣ ልጅም ከአባቷ ቢደባበቁ ጊዜ የሚያገኘው በሽታው ነው።

ፈጠነ ዛሬም ልጁን ባሕር ዳር ይወስዳታል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ግን። በበዓለ ዳስ ሰሞን አንድ ቀን እንደተቀመጡ አውራ ጣቱን ቅልጥሟ ላይ ጫነና አነሣ። ጉድጓዱ ሞላ። አላመነም፤ ደግሞ ጫነ።

«አባ፣ ዳይ!» አለች ብርቱ፣ «ብረት መሰልኩህ እንዴ?»

ጣቱን አነሣ። አሁንም ሞላ።