ጥርሴን ሁሉ ላስነቅል የሄድኩ ዕለት

ሸጋውን ያገኘሁት ሳላስበው ነው። ከጥርስ ሐኪሟ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በእህል ንግድ ዘመኑ ጥርስ የነከሰብኝ ሰው ነው፤ እኔም አልተኛሁለትም። ጭነት ገበያ በገባ ቁጥር እሱ ለራሱ መጋዘን፣ እኔ ለባለወፍጮው፣ ማን ቀድሞ ይደርሳል ስንባባል ዕድሜያችንን ጨረስን። ሸጋው ያሉት ለአለባበሱ ነው። አቧራ ውስጥ ውሎ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የሚወጣ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም። በኋላ የእህሉን ንግድ ትቶ ጃንጥላ መሸጥ ጀመረ፤ ሰውም ጠግቦ ነው አለ።

አጠገቡ ተቀምጬ፣ "ጥርስህ ካንተ ቀድሞ ሰላም አለኝ" አልኩት። እውነቴን ነው፤ አፉ ውስጥ ያለው ድርድር እንደ አዲስ ሳህን ያበራል።

"እሱ ምን ያድርግ፣ አንቺን አያውቅሽ" አለ።

ሰው ሠራሹ ጥርሱ የታችኛውን ድዱን እያሸው ተቸግሮ ሊያስተካክል እንደመጣ ነገረኝ። እኔ ደግሞ የቀሩኝን ጥርሶች ሁሉ አስነቅዬ ልክ እንደ እሱ ያለ ላዝዝ መምጣቴን ነገርኩት። ባርኔጣውን አዞረው፣ እንደገና አዞረው። ሸጋነቱን ልካፈለው ስለሆነ ቅር ብሎት ነው ብዬ ተውኩት።

የእኔን ሥራ ለማያውቅ ልንገረው። ወፍጮ ቤት የእህል ፈታኝ ነኝ። ጆንያው ይፈታል፣ አንዲት ፍሬ አነሳለሁ፣ እነክሳታለሁ። የደረቀች ስንዴ ቀጭ ብላ ለሁለት ትሰነጠቃለች። እርጥቧ ጥርስ ስር ትላላለች፣ ትጨፈለቃለች እንጂ አትሰበርም። እርጥብ እህል ከገባ ድንጋዩ ይታፈናል፣ ዱቄቱም ይሻግታል። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ነገር ግን የተማረም ያልተማረም እኔ አይሆንም ያልኩትን ጆንያ ወፍጮው ውስጥ ጨምሮ አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው ስንዴ መስላ የመጣች ጠጠር የመንጋጋ ጥርሴን የሰበረችው። ሌሎቹም ቢሆኑ ደህና አልነበሩም፤ አንዱ ተቦርቡሯል፣ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እስከ ጆሮዬ ድረስ ይወጋኛል። ባለወፍጮውም በትሕትና፣ አዲሱ ምርት ሳይገባ ካልተሻለኝ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሌላ ሰው የምትለዋ ቃል ከጥርሱ ይልቅ አመመችኝ። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ አሮጌው ይውጣ፣ አዲሱ ይግባ፣ እኔም ወደ ጆንያዬ ልመለስ።

ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታህል ናት። እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀች፣ ወደ ኋላ በሚጋደመው ወንበር ላይ አስተኛችኝ፣ በትንሽ መስታወት እያንዳንዱን ጥርሴን አየች፣ ራጅ አነሳችኝ። ሰው የተሰረቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ነው አፌን የፈተሸችው።

"እማማ፣ ተስፋ የሌለው አንዱ ብቻ ነው" አለችኝ። "እሱን እናወጣዋለን። የተሰበረው ሥሩ ጤነኛ ነው፣ ሽፋን እናለብሰዋለን። የተቦረቦሩትን አጽድተን እንሞላለን። ሌሎቹ እንዲነቀሉ የፈለጉት ምን በድለዎት ነው?"

"እንቅልፍ ነሱኝ፣ ምግብ ነሱኝ፣ አሁን ደግሞ ሥራዬን ሊነሱኝ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉኝ?"

ብዙ ተከራከርን። ያረጀ ጣሪያ እዚህ ሲደፍኑት እዚያ ያፈሳል፤ ጨርሶ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል አልኳት። እሷ ሳትቆጣ፣ ጣሪያ ቢፈርስ ያው ጣሪያ ይሠራል፣ ጥርስ ከተነቀለ ግን ያው ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም አለችኝ። ድዱ እስኪድን መጠበቅ እንዳለ፣ ጥርስ ያጣ መንጋጋ አጥንትም እያደር እንደሚሟሽሽና የተሠራው ጥርስ እየላላ በየጊዜው መስተካከል እንደሚፈልግ አስረዳችኝ። እኔ እኮ እንደ ጫማ ለክተውኝ፣ አድርጌው ወደ ቤቴ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም አልተረታሁም። አፌ ሲዘጋ ክርክሬም ይዘጋል ብላ አስባ ከሆነ ተሳስታለች።

ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስነግራት መስታወቷን አስቀምጣ አዳመጠችኝ።

"ታዲያ ደረቁን ከእርጥቡ በምን ይለዩታል?"

"ጥርስ እንደሆነ አጥንት ነው። ዕውቀቱ ያለው እዚህ ነው" ብዬ ጭንቅላቴን አሳየኋት። "አዲሱንም ቢሆን አስተምረዋለሁ።"

ፈገግ አለች፤ በእኔ ግን አልሳቀችም። "ጭንቅላትዎ የሚያውቀው ጥርስዎ ሲነግረው ነው፣ እማማ። የጥርስ ሥር አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተቸነከረም። ዙሪያውን የሚይዘው ስስ ነገር አለ። ምን ያህል ጠንክረው እንደነከሱ፣ የነከሱት እንዴት እንደተሰበረ የሚነግርዎት እሱ ነው። ጥርሱ ሲነቀል እሱም አብሮ ይሄዳል። ሰው ሠራሹ የሚያርፈው ድድ ላይ ነው። ያኝካል፣ ያምራል፤ እህል መፈተን ግን ወፍራም ጓንት አድርጎ እንደመዳሰስ ይሆንብዎታል።"

አላመንኳት። ጆንያ ፈትታ የማታውቅ ልጅ ስለ እህል ልታስተምረኝ መሰለኝ። ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲነክስ የኖረ፣ አሁን የእናንተን ጥርስ ያደረገ ሰው ከበር ላይ አለ፤ እሱ ይፍረደን አልኳት። ሰውየውን ማስጨነቅ አይገባም ብላ ልትከለክለኝ ሞከረች፤ እኔ ግን ተነስቼ በሩን ከፍቼ ጠራሁት። ኪሴ ስንዴ አጥቶ አያውቅም። አንድ ፍሬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ንከስና ንገራት" አልኩት።

ፍሬዋን በሁለት ጣቱ አሻት፣ አሸተታት፤ ወደ አፉ ግን አልወሰዳትም።

"ነክሼ አይቼዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "ይህን ጥርስ ካደረግሁ በኋላ የመጣውን ጭነት ሁሉ ነከስኩት፤ አልነገረኝም። ደረቅ ነው ብዬ መጋዘኔን ሞላሁ። ውስጡ ጋለ፣ በቀለ፣ ሸተተ። ሰው ንግዱን የተውኩት ጠግቤ ይመስለዋል።"

እሱ ወደ እኔ ዞረ።

"ከእኔም ጥርሶች ብዙዎቹ ይጠገኑ ነበር፤ ያኔ የነቀለልኝ ሐኪም ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ አንድ ወጥ፣ ነጭ፣ የተስተካከለ ይሁንልኝ ያልኩት። አንቺ እንደ እኔ አታድርጊ።"

ኩራት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሌላ ሀብት የለኝም። ያ ሰው ለማንም ያልተናገረውን ነገር፣ በአንዲት ወጣት ልጅና በተቀናቃኙ ፊት፣ ለእኔ ጥርስ ሲል ተናገረው። ወደ ወንበሩ ተመልሼ ተጋደምኩና አፌን ከፈትኩ።

"በይ ጀምሪ" አልኳት።

ሐኪሟ ለእሱም መልካም ቃል ነበራት። የጥርሱ ሥር ለጠፋ፣ ጥርሱ ሊጠገን ለማይችል ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰው በልቶ፣ ተናግሮ፣ ስቆ ይኖርበታል አለችው። የእሱን ድድ ያሸው የነበረው መንጋጋው ስለሟሸሸና ጥርሱን ጨርሶ ስለማያወልቀው ነበር። ምራቱ እንዳታየው አፍሮ አድርጎት ይተኛል ለካ። ሲተኛ አውልቆ፣ በብሩሽ አጥቦ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ እንዲያሳድረው አዘዘችው፤ ልኩንም አስተካከለችለት።

የእኔ ጥገና ብዙ አመላለሰኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት እንዳልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ማደንዘዣው ግን ሕመሙን ከልክሎልኛል፤ የባሰብኝ መናገር አለመቻሌ ነው። በመጨረሻ ሐኪሟ ሽፋን በለበሰው በኩል እህል እንዳልነክስ፣ ከመንከሴም በፊት ፍሬዋን መዳፌ ላይ አገላብጬ ጠጠር አለመሆኗን እንዳረጋግጥ መከረችኝ። ይህን ሳደርግ ኖሬ ቢሆን እዚያ ወንበር ላይ ባልተጋደምኩ።

አዲሱ ምርት ሲገባ ባለወፍጮው ከኋላዬ ቆመ። አጠገቡ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ሌላ ሰው የተባለው እሱ ነው። ከጆንያው አፍ አንድ ፍሬ አነሳሁ፣ አየኋት፣ በጤነኛው በኩል ነከስኳት። ቀጭ አለች። ባለእህሉ ፈገግ አለ። ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ ከታች ሌላ አወጣሁና ነከስኩ። ይህችኛዋ ላላችብኝ፤ ጥርሴ ነገረኝ።

"ላይ ላዩን ነው የደረቀው። መልሰህ ፀሐይ አስመታው" አልኩት። ሰውየው ተጉረምርሞ ጫነና ሄደ። ባለወፍጮውም ጎልማሳውን ወደ ሚዛኑ ላከው፤ እዚያም ሰው ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ጥርስ ሲያማችሁ ነቅሎ መገላገልን አታስቀድሙ። በጊዜ ሂዱ፤ ትንሿ ቀዳዳ ሳትሰፋ ትሞላለች። ጠዋትና ማታ አጽዱት። የሚጠገነው ይጠገን፤ የራሳችሁ ጥርስ የነከሰውን ያውቃል፣ መንጋጋችሁንም ይዞ ያቆያል። ጨርሶ የማይድን ከሆነ ደግሞ ሰው ሠራሹን ያለ ሐፍረት አድርጉ፣ በንጽሕናም ያዙት። እኔ ዛሬ በልቼ አድራለሁ፣ ሠርቼ እገባለሁ፣ ሕመሜም ጠፍቷል። ይህ ሁሉ የመጣልኝ ሁለት ሰዎች እልኬን ታግሰው ስለነገሩኝ ነው።

ሐኪሟን ጉንጯን ስሜ አመሰገንኩ። ለሸጋው ግን ከባድ ነበር። ጃንጥላ መሸጫው ድረስ ሄጄ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞሮ አየ።

"አንተን ነው" አልኩት።

ወንበር ሳበልኝና በእጁ ጠረገልኝ። "እንግዲህ ጥርስሽ ድኗል" አለ፤ "አሁን ለምላስሽ ሐኪም እንፈልግ።"

"እሱ ጤነኛ ነው" አልኩትና ተቀመጥኩ።