ታንኳ ላይ የተናገረው ወታደር

ከዳባት ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

"ባልሽ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ እንዴት ነው?"

"ጎርጎራ ወንድሙ ጋ ሆኖ ሐይቁ ላይ በታንኳ ዓሣ ያጠምዳል። አሁንማ እንቅልፍም ይወስደዋል።"

"ታድለሽ! የእኔው በሩን ዘግቶ ዝም ነው።"

"የእኔም እንደዚያው ነበር። ሐይቁን እንደ ጣውንት ነበር የማየው። እኔን ዘግቶኝ ለዓሣ ያወራል እያልኩ እበግን ነበር።"

"ከዚያስ?"

"አንድ ቀን በታንኳዋ አሳፈረኝ። ታንኳዋ ጠባብ ናት፤ እሱ ከፊት ይቀዝፋል፣ እኔ ከጀርባው ተቀምጫለሁ። ፊቴን ስለማያይ ነው መሰለኝ፣ ያየውን ሁሉ ነገረኝ።"

"ቀናሁብሽ፣ አልዋሽሽም። እኛ ዳባት ሐይቅ ከየት እናምጣ?"

ከግንባር ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቴ ዞር ብላ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።