በጠርሙስ የመጣው የካምፓስ ውሃ
ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ አዛውንትና አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጠዋል። አዛውንቱ በላስቲክ ጠርሙስ ጥርት ያለ ውሃ ታቅፈዋል። ሲሪንቃን ስናልፍ ሙቀቱ በረታ።

«አባባ፣ ከውሃዎ አንድ ጉንጭ ያቅምሱኝ።»

«ተይ ልጄ! ይሄ አይጠጣም።»

«ዘምዘም ነው እንዴ እንዲህ የሚሰስቱለት?»

«የተማሪዎች ሽንት ቤት ውሃ ነው።»

«አዑዙ ቢላህ! ታዲያ ምን አሳቀፈዎት?»

«ወልድያ ካምፓስ በጠጠርና በደንገል አጣርተውት ነው። ከመውጫው ላይ ራሴ ቀዳሁት። የእኛ የመርሳው ካምፓስም እንዲሁ አጣርቼ ለመስኖ ልስጣችሁ ይላል፤ ገበሬው ግን ቆሻሻ ቦያችን አይገባም ብሎ እምቢ አለ። የመስኖውን ተራ የማከፋፍለው የውሃ አባት እኔ ነኝ። በዛሬው ስብሰባ ካላሳመንኳቸው የማንጎ ችግኛችን መድረቁ ነው።»

«እስቲ ያምጡት… ሽታም የለው። ልጠጣው ነበር እኮ!»

«ይህችን ቃልሽን ነው የምፈልጋት! ስብሰባው ላይ መስክሪልኝ።»

«ሽንኩርቴንስ?»

«እኔ እሸከመዋለሁ።»

«ምን ብዬ ልመስክር?»

«ልጠጣው ስል ሽማግሌው ከለከለኝ በያ!»

«ወላሂ እላለሁ! ሰስቶ ነው የከለከለኝ እላለሁ።»

«እሱን እንኳ ተይው።»

መርሳ ላይ እሳቸው ሽንኩርቱን፣ እሷ ጠርሙሱን ይዘው እየተሳሳቁ ወረዱ።

እኔም የራሴን ውሃ ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት።