አባ ወልዱ ማርስ ላይ

ማርስ ላይ ሹፌር ነበርኩ ብዬ ብነግራችሁ ማን ያምነኛል? ከሰቆጣ ብዙም አይርቅም። ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ቀይ፣ ደረቅ ተዳፋት መርጠው «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ማርስ ነው» አሉ። ወፍራም ልብስና ሄልሜት አጥልቀው ለማርስ ጉዞ ልምምድ ድንጋይ እየለቀሙ፣ ቁጥር እየለጠፉ ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። መሪያቸው ሕጉን ነገረኝ፤ «ልብሱን ያልለበሰ ሰው የለም ማለት ነው። አናየውም፣ አንሰማውም።» እኔንም ጨምሮ።

የለቀሙት ግን አባ ወልዱ የሚባሉ ገበሬ ስንት ጊዜ ለፍተው የካቡትን የእርከን ድንጋይ ነበር። ክረምቱ ደርሷል፤ እርከኑ ከፈረሰ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ሽማግሌው እየተጣደፉ መጡና «እንደምን ዋላችሁ?» አሉ። ዝም። ደገሙት። ዝም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ሆነው ነው ሰላምታ እንኳ የማይመልሱት?»

«አባ፣ ማርስ ላይ ናቸው። እርስዎን አያዩዎትም።»

«ጭራሽ አያዩኝም?»

«ጭራሽ።»

አባ ወልዱ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በመሪው አፍንጫ ሥር ድንጋዩን ከሳጥኑ እያወጡ አንድ በአንድ ወደ እርከናቸው መለሱ። መሪው በሄልሜቱ መስታወት ውስጥ ዓይኑ ፈጦ ያያል፤ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ትንፍሽ አላለም። እኔ ሳቄን ለመደበቅ መኪናው ሥር ገባሁ።

ሥራ አብቅቶ ሄልሜቱን እንዳወለቀ ጮኸብኝ።

«ሰውዬው ናሙናችንን ሲወስድ ቆመህ ታያለህ?»

«የቱ ሰውዬ?» አልኩት።