ቅቤ የጠጣው የአቡ ፈህድ ጠመንጃ

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ ልጆች፣ በእኛ ጊዜ ሳዑዲ፣ ደማም ላይ እጅህ ወርቅ ቢሆንም ወረቀትህ ካፊልህ፣ ማለት ያስመጣህ አሠሪህ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። አገርህ ገብተህ ልትመለስ ብትፈልግ ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ወረቀት አለ፣ እሱ ላይ ካፊሉ ካልፈረመልህ ንቅንቅ የለም። ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው የምላችሁ። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የአቡ ፈህድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ አናጢ ነኝ፣ ማንም ያላስተማረኝ፣ በዓይኔ ሰርቄ የለመድኩ አናጢ፣ አፌ ደግሞ ከእጄ የሚፈጥን። እና እዚህ ኮምቦልቻ ይቺ መርየም፣ ይቺ ከኋላችሁ የተቀመጠችው፣ ሠርጋችን ተቆርጦ ትጠብቀኛለች። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቷ ደግሞ "በቀኑ ካልደረሰ ሌላ ጠያቂ አለ" ብለው ልከውብኛል።

"አዎ፣ ነበረኝ" አለች መርየም።

ነበራት! ሰማችሁ? እስከ ዛሬ ትኮራበታለች። ታዲያ እኔ ጠዋት ጠዋት "አቡ ፈህድ፣ ኹሩጄስ?" እላለሁ፣ እሱም ጢሙን እየዳበሰ "ቡክራ፣ ኢንሻአላህ" ይላል። ነገ ማለቱ ነው። ነገ ይመጣል፣ ደሞ "ቡክራ"። ክፉ ሰው አይደለም እኮ፣ ግን እኔ ከሄድኩ ማን ይሠራለታል?

አንድ ቀን ታዲያ ፊቱ ጠቁሮ መጣና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ብፈታው ጠመንጃ! ወደ ኋላ ዘለልኩ። የውጭ ሰው በዚያ አገር ጠመንጃ ይዞ ቢገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እሱ ግን "አትፍራ፣ ፈቃድ አለው" ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ባዶ መሆኑንም ከፍቶ አሳየኝ፣ ጥይቱን ቤቱ ትቶታል። የጥንቸል ማደኛ ነው፣ ራሱ የሚጎርስ፣ ምላጩን በሳብክ ቁጥር አንድ አንድ የሚተኩስ። ርካሽ መሆኑን ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። እንጨቱ የቲማቲም ሣጥን ይመስላል።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"አቡ ናስር!" አለ። አቡ ናስር የሚስቱ ወንድም ነው፣ ኾባር ከተማ ትልቅ ቪላ ያለው፣ የጣሊያን ጠመንጃ ያለው፣ ምላስ ያለው። "ትናንት እንግዳ ፊት ጠመንጃዬን ጆሮው ላይ ነቀነቀውና፣ 'ያ አቡ ፈህድ፣ ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን?' አይለኝም!"

እኔም ዝም አልልም፣ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? "እኔ አለሁ አይደል እንዴ!" አልኩ። "አገሬ እኮ ሰው ከነጠመንጃው ነው የሚወለደው!" ወላሂ፣ በሕይወቴ ጠመንጃ የነካሁት አንዴ ነው፣ የአጎቴን፣ እሱም ማንገቻውን፣ እሱንም ነክቼ በጥፊ ተመልሻለሁ።

አቡ ፈህድ ዓይኑ በራ። "እስከ ረቡዕ አብጀው። ሐሙስ በረሃ እንወጣለን፣ አንተም ትመጣለህ። አቡ ናስር አፉን ከዘጋ ቅዳሜ እፈርምልሃለሁ።"

"ካልዘጋስ?"

"ካልዘጋ፣ ሠርጉን ያላንተ ይደግሱት።"

ታዲያ ሥራ ገባሁ። ለምን ይንኳኳል? ይሄን ላስረዳችሁ፣ ለበርም ለመስኮትም ያገለግላችኋል። ብረቱ የሚተኛበት የእንጨቱ ጎድጓዳ በችኮላ የተቦረቦረ ነው፣ አንዱ ጋ ሰፊ፣ አንዱ ጋ ጠባብ፣ ብረቱ አርፎ አይተኛም። ሁለት ብሎን ፈታሁ፣ ብረቱን ከእንጨቱ ለየሁ፣ የብረቱን ሆድ ጥላሸት ቀባሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ አወጣሁ። ብረቱ እንጨቱን የነካበት ቦታ ብቻ ይጠቁራል። የጠቆረውን ብቻ በመሮ ትልጣለህ። ትቀባለህ፣ ትገጥማለህ፣ ትልጣለህ፣ እንደገና ትቀባለህ፣ ትገጥማለህ፣ ትልጣለህ፣ ጎድጓዳው ሁሉ እኩል እስኪጠቁር ድረስ። ሰፊው ጋ ከሶፋ የተረፈ ቆዳ ለጠፍኩበት። ነቀነቅኩት፣ ጭጭ!

አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ጥርስ ደግሞ እንደ ሰካራም ወደ ግራ አጋድላለች። ጠመንጃውን በውሃ ልክ ሞርሳ ላይ አሰርኩ፣ ቱንቢ ከጣሪያ አንጠለጠልኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሷ ከክሩ ጋር እስክትገጥም በእንጨት መዶሻ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ግድግዳ ማቆም በሉት። የሰደፉ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ከእንጨቱ ተርፎ የሰው ቶብ፣ ያን ረጅም ቀሚሳቸውን፣ ይይዛል፣ እሱንም በሞረድ ከእንጨቱ ጋር አስተካከልኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ! ወርክሾፑ ውስጥ ቫርኒሽ በበርሜል ነው ያለው፣ በበርሜል! ግን ጠመንጃ አውቃለሁ ብያለኋ። እና አጎቴ ሰደፉን በምን ነበር የሚያሸው? በቅቤ። ታዲያ አል ፈይሰሊያ የሚሉት ሰፈር፣ አቡ ፈህድ ቤት የምትሠራ ዘይነባ የምትባል የባቲ ልጅ ነበረች፣ ወንበር ላደርስ ስሄድ በኩሽናው በር ጠራኋት።

"ዘይነባ፣ እህቴ፣ ትንሽ ቅቤ ስጪኝ።"

"ለምኑ?"

"ለጠመንጃ።"

"ወይ ጉድ! እኔ ለሽሮዬ በማንኪያ ጫፍ እየቆጠብኩ ጠመንጃ ልቀልብልህ?"

"ኹሩጄ አለበት፣ ዘይነባ። ሠርጌ አለበት።"

ይሄን ስትሰማ አንጀቷ ራራ፣ ጓዳ ገባችና በእርጎ ኩባያ ይዛልኝ ወጣች። "ከአገር የመጣ ነው፣ ወላሂ ነፍሴ ነው" አለችኝ። እኔም ቀባሁ፣ አሸሁ፣ ቀባሁ፣ አሸሁ። እንጨቱ ጠጣ! ውስጡንም ውጭውንም ጠጣ። የቲማቲም ሣጥኑ ሄዶ የቀይ ዳማ ፊት መጣ። አቡ ፈህድ ሲያየው "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያለ እንደ ሕፃን አቀፈው። ወርክሾፑ ኤሲ አለው እኮ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም አይሸትም።

ሐሙስ በረሃ ወጣን። አቡ ናስር ጣሊያኑን ይዞ፣ ስሉጊ የሚሉትን ቀጭን የአደን ውሻውን አስከትሎ መጣ። ፀሐይ ወጣች። ፀሐዩ ጠና። ታዲያ አቡ ናስር አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገ።

"ማነው ምሳ የጀመረው?" አለ።

"ማንም" አለ አቡ ፈህድ።

"ወላህ፣ የሆነ ወጥ ይሸተኛል።"

እኔ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የዘይነባ ቅቤ ንጥር ነው! ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ ሁሉ አለበት፣ አጎቴ ግን የሚቀባው ለጋውን ነበር። እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳላሸት!

ወዲያው አንዲት ጥንቸል ከቁጥቋጦ ሥር ብቅ አለች። አቡ ፈህድ ተንበረከከ፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ጉንጩን አስጠጋ፣ ጉንጩ ሸርተት! ደሞ አስጠጋ፣ ሸርተት! ይሄኔ ውሻው ከኋላው መጣና ሰደፉን መላስ ጀመረ። "ኺሽ! ሂድ!" ይላል አቡ ፈህድ። ውሻው ላጥ፣ ላጥ፣ ላጥ። ጥንቸሏ ቁጭ ብላ ታያለች፣ ወላሂ ቁጭ ብላ! በመጨረሻ ስትሰለች ቀስ ብላ ሄደች። አቡ ናስር አሸዋው ላይ ተንከባለለ። "ማንቆርቆሪያ ነው ብዬ አማሁት፣ ለካ ድስት ነው!"

አቡ ፈህድ ወደ እኔ ዞረ። "ምን ቀባኸው?"

"ቅቤ።"

"አገርህ ጠመንጃ ይበላል?"

ከዚህ ወዲያ ምን እላለሁ? "አቡ ፈህድ፣ ዋሸሁህ፣ ጠመንጃ አላውቅም። እኔ የማውቀው እንጨት ነው" አልኩት።

"ኸላስ! ኹሩጅ ማፊ፣ የለም! ደግሞ ውሻ ልሶታል፣ ነጃሳ ሆኗል፣ በምን እይዘዋለሁ?"

"ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር" አልኩ። ይሄን መድረሳ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። አቡ ናስር እየሳቀ "እኔ እቆጥራለሁ" አለ። እኔም ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ብረቱን አስቀመጥኩ፣ እንጨቱን ብቻ ያዝኩ። በአሸዋ ፈተግኩት፣ ከመኪናው በርሜል ውሃ አፈሰስኩ፣ አቡ ናስር "ዋሒድ! ኢስነይን!" እያለ ይጮኻል። ልቤ ግን ሌላ ጋ ነው። ውሃ የጠጣ እንጨት ያብጣል፣ ካበጠ ያ ሁሉ ጥላሸት፣ ያ ሁሉ መላጥ ከንቱ ነው፣ ብረቱ ተመልሶ አይገባም። ሰባት ሲል አደረቅኩት፣ ቢስሚላህ ብዬ ብረቱን አስቀመጥኩ። ቁልፍ እንደገባለት ሳጥን ቀጭ! ለካ ቅቤ የጠጣ እንጨት ውሃ አይጠጣም። አሸዋው የላዩን ስብ ነቅሎ ወሰደ፣ የውስጡ ዘበኛ ሆኖ ቀረ።

አቡ ፈህድ ተኮሳትሮ አንድ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ድንጋይ ላይ አቆመ። ተኮሰ፣ ጣሳው ዘለለ። ደሞ አቆመ፣ ደሞ ዘለለ። አቡ ናስር ሳቁን አቆመ። ጠመንጃውን ተቀበለ፣ ጆሮው ላይ ነቀነቀው፣ ምንም። ጥፍሩን ብረቱና እንጨቱ መሀል ሊያስገባ ሞከረ፣ አልገባም። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"አቡ ፈህድ" አለ፣ "ኾባር ያለው ቤቴ በሮቹ አንዱም አይገጥምም። ይሄን ልጅ ስጠኝ፣ ለሁለት ወር።"

አቡ ፈህድ ፊቱ ተለዋወጠ። እምቢ ቢል የሚስቱ ወንድም ነው፣ እሺ ቢል ተመልሼ እንደማልመጣ ያውቃል። ጢሙን ዳበሰ፣ ደሞ ዳበሰ፣ እና ምን ቢል ጥሩ ነው?

"በፍጹም አይሆንም! ቅዳሜ ወደ አገሩ ይሄዳል። ሠርግ አለበት። ኹሩጁን ፈርሜለታለሁ፣ ከፈረምኩ ሳምንት ሆነኝ!"

አቡ ናስርም "መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ እኔ ራሴ ቅዳሜ ዳህራን ኤርፖርት አደርስሃለሁ" አለኝ። ከዚህ በኋላ አቡ ፈህድ ምን ያድርግ? ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ቢሮው ሳይከፈት ጀዋዛት የሚሉት የፓስፖርት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ያ "ቡክራ" ባይ ሰውዬ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ! አቡ ናስር ሊወስደኝ ሲመጣ ፓስፖርቴ በእጄ ነበር፣ ቀለሙም ገና አልደረቀም።

ታዲያ ልጆቼ፣ ሰው ቃሉን የሚጠብቀው አላህን ፈርቶ ነው ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን የሚስቱን ወንድም ፈርቶ ቃሉን የጠበቀ ሰውም አይቻለሁ።

"እንዴታ!" አለች መርየም፣ "አንተስ ብትሆን? የዚህን ቤት በር የምትጠግነው ወንድሜ ሊመጣ ሲል አይደል እንዴ!"