የዕድሩ አሮጌ ሞንታርቦ

ጉለሌ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ የዕድሩ ሊቀመንበር ንጋቱ፣ ዓምና ከንብረት ጠባቂነት ባስነሣቸው በጡረተኛዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ በእትዬ የውብዳር ደጃፍ ቆሟል።

ንጋቱ፦ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ እትዬ የውብዳር። ቀብሩ እንዳለቀ እመልሰዋለሁ።

የውብዳር፦ ምኑን?

ንጋቱ፦ ያንን... አሮጌውን የድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦውን። ከቆራሌው ገዝተው አስቀምጠውታል ሲሉ ሰማሁ።

የውብዳር፦ ቅራቅንቦውን ማለትህ ነው? ከዕድሩ መጋዘን ስታስወጣው ስሙ ቅራቅንቦ ነበር።

ንጋቱ፦ እሱን ይተዉት። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

የውብዳር፦ አዲሱስ? ያ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራው፣ መጠጥ ቤት የሚመስለው?

ንጋቱ፦ ትንሽ እንከን ገጥሞታል።

የውብዳር፦ እንከኑንማ ትናንት ቆሜ ሰማሁት። የአቶ ዳምጠው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ «ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ላይ ሲደርስ የሠርግ ዘፈን ለቀቀው።

ንጋቱ፦ የአንዱ ለቀስተኛ ስልክ ነው። በብሉቱዝ ራሱ ሄዶ ተያያዘ።

የውብዳር፦ ሚስትየው በምን ትወቅ? ላልቅስ ወይስ እልል ልበል ብላ ደርቃ ቀረች።

ንጋቱ፦ እኮ! ዛሬ ደግሞ የሚቀበሩት አማቴ ናቸው። አስከሬኑ በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ሚስቴ «አባቴን በዘፈን ብትሸኝ ቤትህን ለቅቄ እሄዳለሁ» ብላኛለች።

የውብዳር፦ ልባም ሴት ናት። ዘግይታለች እንጂ።

ንጋቱ፦ ግን ይሠራል? ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዕቃ...

የውብዳር፦ ሠላሳ አንድ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቀብር። ፊውዙ ሁለቴ፣ ገመዱ አንዴ ተቀየረ። ዝናብ መታው፣ ከጋሪ ወደቀ፣ አይጥ ወለደችበት። አይጧን ከነልጆቿ አስወጥቼ ስሰካው ሠራ። ያንተውስ ስንት ቀብር ዋለ?

ንጋቱ፦ አሥራ ዘጠኝ።

የውብዳር፦ አሥራ ስድስት። በሦስቱ ባትሪው አልቆ በባዶ ጉሮሮ ነው ያነበባችሁት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!

ንጋቱ፦ ዋስትና አለው ብዬ እኮ ነው የገዛሁት።

የውብዳር፦ የስንት ጊዜ?

ንጋቱ፦ የአንድ ዓመት።

የውብዳር፦ መቼ አለቀ?

ንጋቱ፦ ...ባለፈው ሳምንት።

የውብዳር፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኸው ነው።

ንጋቱ፦ እሺ፣ ይስደቡኝ፤ ይገባኛል። ይሰጡኛል አይሰጡኝም?

የውብዳር፦ አማትህ ጨዋ ሰው ነበሩ። ለእሳቸው ስል እሰጣለሁ። ላንተ ቢሆን ቆጥ ላይ ወጥተህ ብትጮህ ፊውዙንም አላሳይህ።

ንጋቱ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ይበሉ ተሸካሚ ልጥራና በጓሮ በኩል ያውጣው። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የዕድሩ ኮሚቴ በሙሉ ተቀምጧል፣ ምን ይለኛል...

የውብዳር፦ የጣለው ተሸካሚው አይደለም። በል ጎንበስ በል፣ ትከሻህ ላይ ላሸክምህ፤ የምንሄደው በድንኳኑ ፊት ለፊት ነው።